የወንዙ ትራፊክ

ሃምሳ አለቃ መኩሪያ መሞታቸው ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። የመጀመሪያው ስህተት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ወንድማችን መኩሪያ ወደ ጌታ ሄደዋል» የሚል መልእክት አየሁና ሥራ ቦታዬ፣ የማስታምማቸው አሜሪካዊት አሮጊት ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጊቷም ምን ሆንሽ ሳይሉ አብረውኝ አለቀሱ። እንባዬን ጠርጌ የሃምሳ አለቃን ልጅ ብሌንን ላጽናና ቤታቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«የሳሮን እናት ነኝ… ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ነዎት? ሞቱ ተብሎ እኮ ነው!»

«ማን ሞተ?»

«እርስዎ።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ይላል።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ» አሉ። አልተቆጡም፤ በስህተት የተሞላ ፎርም እንደሚያስተካክል ሰው ነበር የሚናገሩት። «የሞተው ሌላ መኩሪያ ነው ማለት ነው። ለእሱ ቤተሰብ ደውዪ። ከለቅሶውም እንዳትቀሪ።»

ደወልኩ፤ ለቅሶውም ሄድኩ። ሟቹን በሕይወታቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ነው። ያን ቀን ስደውል ስልኩን ያነሣችው ብሌን ነበረች። ምንም ሳልጠይቃት ገባኝ።

ሃምሳ አለቃ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ሆነው ሠርተዋል። ሚስታቸው ብሌን ሕፃን ሳለች ስላረፉ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። አትላንታ ከመጡ በኋላ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ ጎን ካለ አንድ ሆቴል ተቀጥረው እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዱ ነበር። የእኔ ልጅ ሳሮንና ብሌን አንድ ሃይስኩል ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ሳምንት የትምህርት ቤቱን የቀዘፋ ቡድን ተቀላቀሉ። ሳሮን ረጅም ስለሆነች መቅዘፊያ ሰጧት። ብሌን ግን ቁመቷ ከሳሮን ትከሻ አይደርስም፤ ድምጿ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እሷን ጀልባዋ ጫፍ ላይ አስቀምጠው መሪውን አስያዟት። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው «ኮክስ» ነው የሚሉት።

ዜናውን ለሃምሳ አለቃ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«ቀዘፋ?» አሉ። «ውሃ ላይ?»

«አዎ፣ ወንዝ ላይ።»

«ተገደው ነው?»

«ኧረ በፈቃዳቸው ነው።»

ጀልባዋ እንዴት እንደምትሄድ ሳስረዳቸው ደግሞ ባሰባቸው። ስምንቱ ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከፊት ያለውን የምታየው ብሌን ብቻ ናት። ሃምሳ አለቃ «ይህንስ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነው የማመለክተው» የሚል ፊት አሳዩኝ።

«እንግዲህ» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ስምንት ሰው ወደ ኋላ እያየ ወደ ፊት ይሄዳል። የምታየው አንዲት ልጅ ናት። እሷም መንጃ ፈቃድ የላትም። ይህን የፈቀደው ማነው?»

ውሃ ይፈሩ ነበር። ዋና አይችሉም። ያን የፀደይ ወቅት ልጆቹን ተራ በተራ ከትምህርት ቤት ወደ ቻታሁቺ ወንዝ እንድናደርስ ተስማማን። እሳቸው በሚነዱበት ቀን መኪናው ገና ፓርክ ሳይደረግ ከመስጠም የሚያድነውን ላይፍ ጃኬታቸውን ይለብሳሉ። ከታች በሆቴሉ ሥራ ያደሩበት ብርቱካናማ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከላይ ላይፍ ጃኬት። ከወንዙ እስከ መኪና ማቆሚያው የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ርቀት አለ። «ውሃ እኮ እዚህ አይደርስም» ስላቸው፣ «እሱ አይደርስም፤ እኔ ግን ልደርስበት እችላለሁ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ልምምድ አልቆ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ አራቱም በአንድ ጊዜ ወደ ዶኩ መጡ። ዶክ የሚሉት ከጀልባ የሚወርዱበትን የእንጨት መድረክ ነው፤ የሚይዘው አንድ ጀልባ ብቻ ነው። መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ተጠላለፈ፤ ልጆቹ ይጯጯሃሉ፤ አሠልጣኟ ኮች ሊንዳ በድምፅ ማጉያ ትለምናለች፤ የሚሰማት የለም። ሃምሳ አለቃን ዞር ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ከኪሳቸው ነጭ ጓንት አወጡ። ለምን ኪሳቸው ውስጥ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጓንቱን አጠለቁ፤ ፊሽካ አወጡ፤ ዶኩ ጫፍ ድረስ ሄደው ነፉ።

ወንዙ ጸጥ አለ። ዝይዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ።

«ስቶፕ!» አሉ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው። ከዚያ በግራ እጃቸው አንዷን ጀልባ ጠሩ። «ዩ፣ ካም!» ሌላዋን በዓይናቸው ተከሏት። «ዩ፣ ዌይት!» አራቱም ጀልባዎች በተራ ገቡ፤ በተራ ወጡ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኮች ሊንዳ አፏን ከፍታ አየቻቸውና አውራ ጣቷን አነሣችላቸው። ሃምሳ አለቃ ይህን እንደ ቅጥር ወሰዱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ ዶኩ ላይ ቆሙ። ማንነታቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኋላ እንደሰማነው ኮች ሊንዳ የውድድሩ አዘጋጆች የላኳቸው የደኅንነት ተቆጣጣሪ መስለዋት ነበር። እሳቸው ደግሞ እሷ የቀጠረቻቸው መስሏቸዋል። ልጆቹ «ሳርጀንት» ይሏቸው ጀመር። ያለ ላይፍ ጃኬት ዶክ ላይ የወጣ ወላጅ ይመለሳል። ካያክ የምትባለውን ትንሽ ጀልባ የሚቀዝፍ መንገደኛ ቀኝ መስመሩን ካልያዘ ያስቆሙታል፤ ሰውየውም ግራ ገብቶት ይቆማል። አንድ ቀን የሠፈሩ ዳኛ ነኝ ያሉ ሽማግሌ ታንኳቸውን አቁመው ይቅርታ ጠይቀው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉዳዩ የተበላሸው በመጀመሪያው ውድድር ቀን ነው።

የብሌን ጀልባ ጥሩ ጀምራ ነበር። ችግሩ ብሌን ቀጥ ብላ መንዳት አትችልም። ጀልባዋ ትንሽ ወደ ግራ ስትሄድባት መሪውን ወደ ቀኝ ትጎትታለች፤ ያ ሲበዛባት ወደ ግራ ትመልሳለች፤ እንደ እባብ ነበር የሚሄዱት። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ታንኳውን አስሮ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ ላይ ሄደው ተላተሙ። ማንም አልተጎዳም። የሽማግሌው ሳንድዊች ብቻ ውሃ ገባ።

ሌሎቹ ወላጆች «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ሲሉ ሃምሳ አለቃ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው በወንዙ ዳር እየሮጡ ነበር።

«እንዳትንቀሳቀሱ!» ይላሉ በአማርኛ። «ፕላን ሳይነሣ ማንም ሰው እንዳይንቀሳቀስ!»

የመኪና አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ፣ ለክቶ፣ የመኪኖቹን አቋም በወረቀት ላይ ይስላል። ሃምሳ አለቃ ያንን ነበር የፈለጉት። ወንዝ ግን አይቆምም። ጀልባዋ በውሃው ተገፍታ ቁልቁል ትሄዳለች፤ እሳቸው በዳር በዳር እየሮጡ ይስላሉ፤ ቀና ሲሉ ጀልባዋ ሌላ ቦታ ናት፤ ሰርዘው እንደገና ይስላሉ። ድልድዩ ጋ ደርሰው ወረቀት አለቀባቸው። ልጆቹ ዶኩ ላይ እንደወረዱ ሃምሳ አለቃ እያለከለኩ መጡና፣ ቡድኑም ወላጁም ኮች ሊንዳም ቆመው እየሰሙ፣ ለልጃቸው ፍርድ ሰጡ።

«ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። ሰውየው ቆሞ ነበር። ቆሞ የተገጨ ጥፋት የለበትም።»

ብሌን ፊቷ ቀላ። እስከ ቤት ድረስ አልተናገረችም። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ቤታቸው በር ደርሰን መኪናው ሲቆም ብቻ፣ «አባ» አለች፣ «ከዛሬ በኋላ ወንዙ ጋ አትምጣ። ላይክ፣ ሲሪየስሊ። ኢምባረስ እያደረግከኝ ነው።» በሩን ዘግታ ገባች።

ሃምሳ አለቃ ትእዛዝ ያከብራሉ። በሚቀጥለው ተራቸው ልጆቹን አደረሱ፤ ከዚያ መኪናውን ጀርባውን ለወንዙ ሰጥተው አቆሙና ሰደርያቸውን ለብሰው መሪው ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሥራ በሌለኝ ቀን ጎናቸው እቀመጥ ነበር። ከኋላችን የጀልባ መጋጨት፣ የልጆች ጩኸት፣ የኮች ሊንዳ ልመና ይሰማል። እሳቸው ዞር አይሉም።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ሰው ፊት እንደዚያ ባይሏት ምን ነበረበት?» አልኳቸው። «ልጅ ናት እኮ።»

«የሳሮን እናት» አሉ፣ «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አስፋልት ላይ ወድቆ ስለካ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ጀልባዋ ስትላተም ሜትሩን ያወጣሁት እሷን ለመክሰስ መሰለሽ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሜትር ከያዝኩ አይንቀጠቀጥም።»

በእሳቸው ፈንታ እኔ ወደ ወንዙ ዞሬ አየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ኮች ሊንዳ ራሷ መጥታ የመኪናውን መስኮት አንኳኳች። ፀጉሯ በስብሷል፤ አንድ ጫማዋ የለም። ሳርጀንቱ ከቀሩ ወዲህ ሁለት መቅዘፊያ ተሰብሯል፤ እሷም ራሷ ትናንት ከዶኩ ወድቃለች።

«ለመሆኑ» አለቻቸው፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ «የላከዎት መሥሪያ ቤት የትኛው ነው? ደውዬ እርስዎን እንዲመልሱልኝ ልለምናቸው።»

«ማንም አልላከኝም» አሉ። «መንገዱ ተጨናንቆ ነበር።»

ኮች ሊንዳ መጀመሪያ አየችኝ። ቀጥላም መኪናው ላይ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ስትጨርስ ሁለት ነገር ጠየቀቻቸው። አንደኛ ወደ ዶኩ እንዲመለሱ። ሁለተኛ፣ ሾፌር ስለሆኑ፣ ብሌንን ቀጥ ብሎ መንዳት እንዲያስተምሯት።

«ልጄ ከፈቀደች» አሉ።

ብሌን ወዲያው አልፈቀደችም። ሳሮን እንደነገረችኝ ሦስት ቀን አስባ፣ «ፊሽካ የለም፣ ሜትር የለም፣ ወረቀት የለም» የሚል ውል አስገብታ ነው እሺ ያለችው።

ትምህርቱ የተሰጠው ውሃ ላይ አይደለም፤ ሃምሳ አለቃ ውሃ ላይ አይወጡም። የተሰጠው በቤተ ክርስቲያናችን የመኪና ማቆሚያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ረጃጅም ልጃገረዶች አንድ ረጅም ገመድ ይዘው በሰልፍ፣ ኋልዮሽ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ይራመዳሉ። ብሌን በሰልፉ መጨረሻ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ትመራለች። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጎኗ ይሄዳሉ።

«ጎማሽ ሥር አትዪ። ሩቅ እዪ» ይሏታል። «ጀልባዋ ትንሽ ብትስት ተዪያት፤ ራሷ ትመለሳለች። መሪውን አታስጨንቂው።»

ከሴቶች የጸሎት ፕሮግራም የወጡ እናቶች በሩ ላይ ተሰብስበው ያያሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወጥተው ወደ ሃምሳ አለቃ ቀረቡ።

«ወንድም መኩሪያ፣ ይህ ምን ዓይነት አገልግሎት ነው?»

«ወደ ኋላ እያዩ ወደ ፊት የሚሄዱበት ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «አሜን» ብለው ገቡ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እናቶቹ ለልጆቹ ሻይና ብስኩት ያወጡላቸው ነበር።

ጀልባዋ ቀጥ አለች። በሁለት ውድድር አራተኛና አምስተኛ ወጡ። ይህም ለመጨረሻው ውድድር፣ የግዛቱ ሃይስኩሎች ሁሉ ወደሚገናኙበት ትልቅ ሐይቅ ለማለፍ በቃ። ብሌን የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ትገባለች።

በዕለቱ ሃምሳ አለቃ አዲስ ነጭ ጓንት አድርገው መጡ። ውድድሩ የሚያልቀው ሐይቁ ዳር ካለ ዶክ ፊት ለፊት ነው፤ ኮች ሊንዳ ከአዘጋጆቹ ተነጋግራ እዚያ አቆመቻቸው። የእኛ ልጆች ሁለተኛ መስመር ደረሳቸው። ስድስት ጀልባዎች ከሩቅ ተነሡ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ የእኛዎቹ ሦስተኛ ነበሩ።

በዚህ መካከል ነው የልደት ጀልባዋ የመጣችው። እንደ በረንዳ ጠፍጣፋ የሆነች የመዝናኛ ጀልባ፣ ፊኛ የታሰረባት፣ ሙዚቃ የምታስጮህ፣ ሃያ ያህል ሰው የሚጨፍርባት፣ ቀስ እያለች ተንሳፋ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። ሞተሯ ጠፍቷል። ሹፌሩ ኬክ እየቆረሰ ነው። ዳኞቹ ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ ስለሆኑ አልታያቸውም። ሃምሳ አለቃ ፊሽካ ነፉ፤ ሙዚቃው ዋጠው። እንደገና ነፉ።

ግራ ቀኝ አዩ። ዶኩ ጎን ለኪራይ የሚቆሙ፣ በእግር ፔዳል የሚነዱ ጀልባዎች ነበሩ። ነፃ የነበረችው አንዷ ብቻ ናት፤ ግዙፍ ቢጫ ዳክዬ የምትመስለዋ።

«የሳሮን እናት» አሉ፣ «ግቢ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ እኮ ውሃ…»

«ግቢ ብያለሁ!»

ገባሁ። የሥራ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ በሁለቱም እግሬ እንደ እብድ ረገጥኩ። ሃምሳ አለቃ ሁለት ላይፍ ጃኬት ደርበው፣ በአንድ እጃቸው የዳክዬዋን አንገት አቅፈው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጮክ ብለው መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። ልደተኞቹ ጋ ስንደርስ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አንገቷን ለቀቁ፤ ነጭ ጓንታቸውን ዘርግተው ፊሽካውን በሙሉ ሳንባቸው ነፉ።

«ባክ! ባክ! ባክ!»

ሙዚቃው ቆመ። ኬክ የያዘው ሰውዬ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ኋላ ወጣ። መስመሩ ተለቀቀ፤ ሃምሳ አለቃም እፎይ አሉ። እኔ ግን ዞር ስል ያየሁት የብሌንን ጀልባ ነው፤ ቀጥ ብላ ወደ እኛ ትመጣለች። መስመሩን የዘጋነው አሁን እኛ ነበርን።

ፔዳሉን ደጋግሜ ብረግጥም ዳክዬዋ ወዲያው አልሄድ አለች። ብሌን ስትጮህ ሰማኋት፤ ምን እንዳለች አላውቅም። ጀልባዋ ትንሽ ብቻ ዘንበል አለች፤ ከዳክዬዋ ምንቃር ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈች። ሳሮን ወደ ኋላ እያየች ስለነበር እኔን ያየችኝ ካለፈች በኋላ ነው። ፊቷን አልረሳውም። ወዲያው ዳኛው ቀይ ባንዲራ አውለበለበ፤ ውድድሩ ቆመ።

ዳኞቹ ወደ ድንኳናቸው ጠሩን። ዋናዋ ዳኛ ረጅም፣ ሽበታም ሴት ናት። «ዳክዬዋ ላይ የነበረው ሰው ማነው?» አለች። ቡድኑን እንዳያባርሩት ፈርቼ፣ «ነፋስ ገፍቶን ነው» ልል አፌን ስከፍት ሃምሳ አለቃ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ነፋስ አልገፋንም። አስቤበት ነው የገባሁት» አሉ። «ሁለተኛ መስመር ላይ ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ንገሪያት።»

ነገርኳት። ብሌን በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሴትየዋ ከዶኩ ላይ ሰው ያነሣውን የልደት ጀልባዋን ፎቶ አየች፤ ልደተኞቹ ከመስመሩ ባይነሡ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተነጋገረች። በመጨረሻ ውድድሩ በቀኑ ማብቂያ እንዲደገም ወሰኑ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ይህ ሰውዬ ሁለተኛ ውሃ ላይ እንዳይወጣ።

«በደስታ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ከድንኳኑ ስንወጣ ብሌን አባቷን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ሁለቱ ላይፍ ጃኬት ገና አልወለቀም። «አባ፣ ውሃ ላይ ወጣህ» አለች።

«ወድጄ አይደለም» አሉ።

ሳትስቅ አንዱን ላይፍ ጃኬት ፈታችላቸውና ወደ ጀልባዋ ሄደች።

ውድድሩ ሲደገም ወሬው ተሰምቶ የሐይቁ ሰው ሁሉ ዶኩ ላይ ፈሰሰ። ልደተኞቹ ሳይቀሩ ኬካቸውን ይዘው መጥተው ነበር። መድረኩ ሲጢጥ ይላል። ሃምሳ አለቃ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያን ሁሉ ሰው ወደ ኋላ ይገፋሉ። አንዲት ሕፃን በጉልበታቸው መካከል ሾልካ ስትሄድ በሰደርያዋ ይዘው ለእናቷ ይመልሳሉ። ጀልባዎቹ ቀረቡ፤ ሰው ጮኸ፤ ሳሮንን አየኋት፤ እኔም ጮህኩ። እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም።

«ስንተኛ ወጡ?» አሉኝ፣ ሰዉን እየገፉ።

«ሦስተኛ! ሃምሳ አለቃ፣ ሜዳሊያ አገኙ!»

«ግጭት አለ?»

«የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሕዝቡን መመለስ ቀጠሉ። ብሌን ልብሷ በስብሶ፣ ድምጿ ጠፍቶ፣ ሰዉን ሰንጥቃ እስክትመጣ ድረስ አላቋረጡም።

«አባ» አለች፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፤ የቀራት ድምፅ ያ ብቻ ነበር። «አየኸኝ?»

ያ ለዳኛዋ እንኳ ነፋስ ነው ለማለት እምቢ ያለ ሰው ልጁን ቀና ብሎ አየ።

«እንዴታ!» አሉ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«መጨረሻ ላይ መሪውን እንዴት እንደያዝኩ አየህ?»

«እሱንማ!» ጓንታቸውን አውልቀው በባዶ እጃቸው አየሩ ላይ መስመር ያሰምሩ ጀመር። «በአምስተኛው መስመር እንደዚህ ስትመጪ፣ ከጎንሽ ያለችው ቀይዋ ጀልባ ስትጠጋሽ፣ አንቺ ሩቅ አየሽ፤ መሪውን አላስጨነቅሽውም፤ እንደዚህ ቀጥ ብለሽ…»

ልጆቹ የቀዘፉት በሁለተኛው መስመር ነው። ቀይ ጀልባ የሚባልም አልነበረም። ብሌን አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ወደ አባቷ ዞረችና፣ «አዎ አባ» አለች። «ከዚያስ?»